ከሰማይ የሚወርድ እንጂ ከሜዳችን የሚነሣ አላየንም

ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የጣልያን መንግሥት አንዲት አሮጌ ትንሽ አውሮፕላን ለኢትዮጵያ መለሰ። ስሟ «ፀሐይ» ነው። ርክክቡ የተፈጸመው ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለጣልያንና አፍሪካ ጉባኤ ሮም በሄዱበት ሰሞን ነበር። ፎቶዋ በየገጹ ተሰራጨ። «ቅርሳችን ተመለሰ» ብሎ የተደሰተ ነበር፤ «ጀርመናዊ የሠራት አውሮፕላን እንዴት የእኛ ትባላለች?» ያለም አልጠፋም። ጥቂት ቆይቶ ወሬው በሌላ ወሬ ተሸፈነ።

በመሐል ግን አንድ ጥያቄ ሳይነሣ ቀረ። አውሮፕላኗ ተመለሰች፤ አውሮፕላኗን የሠራው እጅስ? በ1928 ዓ.ም. የተወሰደብን ብረትና ሸራ ብቻ ነበር ወይስ ሌላም ነገር አብሮ ጠፍቷል?

የፀሐይን ታሪክ ከአዲስ አበባ ወይም ከሮም ሳይሆን ከወልድያ፣ ከመርሳና ከሀብሩ ሆኖ ለሚያይ ሰው ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ይህ አገር ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል አውሮፕላንን የሚያውቀው ከሰማይ እንደሚወርድ ነገር ነው። አንዳንዴ ቦምብ፣ አንዳንዴ የእርዳታ እህል፣ አንዳንዴ ዝም ብሎ የሚያስፈራ ድምፅ። ከራሱ ሜዳ፣ በራሱ ልጆች እጅ ተሠርቶ የሚነሣ ነገር አድርጎ ግን አያውቀውም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው።

■ የመጀመሪያዋ አውሮፕላንና የየጁ ሐዘን

የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴ 25 ሲሆን አብራሪውም ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ጀርመን ሠራሽ ዩንከርስ ተከተለ። ያኔ ንጉሥ የነበሩት ተፈሪ መኰንን አውሮፕላንን የፈለጉት ለክብር ብቻ አልነበረም። መንገድና ስልክ ባልተስፋፋበት አገር፣ በየክፍለ ሀገሩ ጦር ያለው መስፍን ባለበት ዘመን፣ በሰዓታት ውስጥ መልእክት የሚያደርስ ነገር ማለት ሥልጣን ማለት ነበር።

ይህ በተግባር የታየው ስምንት ወር ሳይሞላ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የመሐል አገሩ ጦርና የበጌምድሩ ገዥ የራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ተጋጠሙ። ቦታው በወሎና በበጌምድር ወሰን፣ በደብረ ዘቢጥ አካባቢ ነው። አውሮፕላን መጀመሪያ የግዝት ቃል ያለበት ወረቀት በራስ ጉግሣ ጦር ላይ በተነ፤ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣ በዚያው ዕለት ወደቁ። ቀድሞ ባለቤታቸው የነበሩት ንግሥት ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ።

ራስ ጉግሣ የማን ልጅ ነበሩ? የየጁው ገዥ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ ብጡል የወንድም ልጅ። የጁ ማለት ደግሞ ዛሬ ወልድያ፣ መርሳና ሀብሩ የሚባለው አገር ነው። እንግዲህ የኢትዮጵያ አውሮፕላን በታሪኩ የመጀመሪያውን የጦርነት ሥራ የሠራው በውጭ ጠላት ላይ ሳይሆን ከየጁ ቤት በወጣ ሰው ላይ ነው። አውሮፕላን ለዚህ አካባቢ ከመነሻው ከአንድ ቤት ሐዘን ጋር የተያያዘ ነው።

■ ማብረር የተማሩት

አውሮፕላን መግዛት አንድ ነገር ነው፤ ማብረር ሌላ ነው፤ መሥራት ደግሞ ሦስተኛ ነው። የዘመኑ መንግሥት ሦስቱንም አንድ በአንድ ሊይዝ ሞክሮ ነበር።

በፈረንሳይ አስተማሪዎች ሥር በተከፈተው ትምህርት ቤት ከተመረቁት የመጀመሪያዎቹ አብራሪዎች መካከል አስፋው አሊና ሚሽካ ባቢቼፍ ይገኛሉ። ሚሽካ አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም ደግሞ ከቺካጎ ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን መጣ፤ በኋላም የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመምራት ኃላፊነት ተሰጠው።

የሮቢንሰን ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመው በአንድ ምክንያት ነው። በሚሲሲፒ ያደገው ሮቢንሰን በተስኪጊ የመኪና ጥገና ተማረ። ቺካጎ ሄዶ አውሮፕላን ትምህርት ቤት ልግባ ቢል ጥቁር በመሆኑ አልተቀበሉትም፤ እዚያው ትምህርት ቤት ወለል ጠራጊ ሆኖ ተቀጠረ። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ግን ሂዝ ፓራሶል የተባለ፣ ክፍሎቹ በሣጥን የሚሸጡ ቀላል አውሮፕላን ገዝተው ገጣጠሙ፤ የሞተር ብስክሌት ሞተር ገጠሙለት። የተዘጋው በር የተከፈተለት የሠሩት ነገር ከታየ በኋላ ነው። ሮቢንሰንን ወደ አየር ያደረሰው ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። በትንሽ ነገር ላይ የተለማመደ እጅ ነበር። ከጦርነቱም በኋላ ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠልጥኗል፤ በ1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰበት የአውሮፕላን አደጋ ሞተ።

■ ፀሐይ እንዴት ተሠራች?

ሦስተኛው ነገር፣ መሥራት፣ የተጀመረው በሉድቪግ ቬበር ነው። ቬበር የንጉሠ ነገሥቱ ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ ነበር። ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር አዲስ አበባ ላይ አንዲት ቀላል አውሮፕላን ገነባ። ለንድፉ መነሻ የሆነው የኦስትሪያው ማይንድል ፋን ኔስ ነው። ሞተሩ ዋልተር ቬነስ የተባለ፣ ሰባት ሲሊንደር ያለው፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው የቼኮስሎቫኪያ ሥራ ነበር። «ኢትዮጵያ 1» ተባለች፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስምም ተጠራች። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በፈረንጆች ዲሴምበር 1935 ነው፤ በእኛ ኅዳር መጨረሻና ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

«ጀርመናዊ የሠራት፣ ሞተሯም የውጭ፤ ታዲያ ምኗ ኢትዮጵያዊ ነው?» ለሚለው ክርክር መልሱ ቀላል ነው። ዛሬም ቦይንግ ሞተር አይሠራም፤ ከጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ ከሮልስ ሮይስ፣ ከፕራትና ዊትኒ ይገዛል። አውሮፕላን ሠራ የሚባለው እያንዳንዱን ቡሎን የቀረጸ አይደለም፤ ክፍሎቹን አንድ ላይ አምጥቶ፣ መዝኖ፣ አመጣጥኖ፣ ሞክሮ፣ ስሕተቱን አርሞ ያስነሣው ነው። የፀሐይ ዋጋ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እንጨት የሚያለዝብ፣ ብረት የሚበይድ፣ ሸራ የሚወጥር፣ ሚዛን የሚያስተካክል ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ ነበር። ያ ስብስብ ከአውሮፕላኗ ይበልጣል። አንድ የበረረ አውሮፕላን ያለው ወርክሾፕ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በተሻለ ይሠራዋልና።

ሁለተኛው ግን አልተሠራም።

■ ሁለት መጋቢት 22

ፀሐይ በተሞከረችበት ሰሞን የወሎ ሰማይ ምን ይዞ ነበር? ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ በፀረ አውሮፕላን መትረየስ ላይ ቆመው የተነሡት የታወቀ ፎቶግራፍ የደሴ ቆይታቸው ነው። በአንድ ወር ዕድሜ ውስጥ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከሜዳ ተነሣች፤ ደሴ ላይ ብዙ አውሮፕላኖች እሳት አዘነቡ።

ከዚያ የጦሩ ጉዞ በወልድያ አልፎ ወደ ኮረም ወጣ። ዛሬ ከደሴ ተነሥቶ በመርሳ አድርጎ ወልድያ የሚገባ ሰው የሚሄደው በዚያው የጦርነት መሥመር ነው። የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች ከደርዘን ብዙ የማይበልጡ፣ ያልታጠቁ፣ መልእክትና መድኃኒት የሚያመላልሱ ነበሩ፤ የጣልያን በመቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። በኮረም የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ካምፕ ሳይቀር ተደበደበ። ከማይጨው ውጊያ በኋላ የተመለሰው ጦር አሸንጌ ሐይቅ ዳር በቦምብና በመርዝ ጋዝ አለቀ።

ማይጨው የተዋጋንበት ቀን መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የአንቺም ውጊያ ደግሞ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነበር። በትክክል ስድስት ዓመት። በመጀመሪያው መጋቢት 22 አውሮፕላን የእኛ ነበር፤ የተመታውም የእኛ ሰው። በሁለተኛው አውሮፕላኑ የጠላት ነበር፤ የተመታው አሁንም የእኛ ሰው። በሁለቱም ቀን ከሥር የነበረው ገበሬ ማድረግ የቻለው ቀና ብሎ ማየትና መሸሽ ብቻ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ፀሐይ ተማረከች፤ ወደ ጣልያን ተወሰደች፤ በመጨረሻም ከሮም በስተ ሰሜን ባለው በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ለአሥርት ዓመታት ተሰቅላ ቆየች። ስሟን የሰጠቻት ልዕልት ፀሐይ በስደት እንግሊዝ አገር ነርስነት ተምራ ከነፃነት በኋላ ተመለሰች፤ በ1934 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜዋ አረፈች። ወርክሾፑ ግን ሙዚየምም መታሰቢያም አላገኘም። እንዲሁ ተበተነ።

■ ማብረሩ ተመለሰ፤ መሥራቱ ቀረ

ከነፃነት በኋላ የተመለሰው በፍጥነት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካው ቲደብሊውኤ እገዛ ተቋቋመ፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ባለ ሁለት ሞተር ሲ 47 አውሮፕላን ይዞ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። በጦርነቱ ጊዜ ለቀይ መስቀል ይበር የነበረው ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ተመልሶ ቢሾፍቱ ላይ አዲሱን አየር ኃይል አሠለጠነ። ዛሬ አየር መንገዱ በአፍሪካ ትልቁ ነው፤ የሌሎችን አገሮች አውሮፕላን ሳይቀር ይጠግናል። ይህ የማይናቅ ታሪክ ነው።

ነገር ግን ማብረርና መጠገን ከላይ፣ በትልቁ አውሮፕላን በኩል ገቡ። መሥራት ከታች ነው የሚጀምረው፤ የታችኛው ደረጃ ግን አልተሠራም። በመሐል የተፈጠረውን ክፍተት ያየ ሰው አስመላሽ ዘፈሩን ማስታወስ ይችላል። በጤና ሙያ የተመረቀው አስመላሽ ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ፣ በቮልስዋገን ሞተር የሚሠራ አውሮፕላን ብቻውን ሠራ። ስሙን ኬ 570 ኤ አለው፤ ኬ የእናቱ ስም መነሻ ፊደል፣ 570 የፈጀበት ቀን ብዛት ነው። በሰኔ 2007 ዓ.ም. በተደረገው ሙከራ ፕሮፔለሩ ተሰብሮ በረራው ሳይሳካ ቀረ። ብዙ ሰው አደነቀው፤ ጥቂት ሰው ሳቀበት።

የሚያሳዝነው ፕሮፔለሩ መሰበሩ አይደለም። በሙከራ ፕሮፔለር ይሰበራል። የሚያሳዝነው አንድ ሰው የመጀመሪያ ሙከራውን ራሱ በሚሳፈርበት አውሮፕላን ላይ ለማድረግ መገደዱ ነው። ከዚያ በፊት አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ወድቆ የሚነሣበት ትንሽ ነገር አልነበረውም።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስካይዊን የተባለው የድሮን ፋብሪካ ተመረቀ። መሥራት ተመለሰ ቢባል ያስኬዳል። የተመለሰው ግን በአጥር ውስጥ፣ በጦር መሣሪያ መልክ ነው። የመርሳ ልጅ ሊያየው የሚችለው አሁንም ከሥር ሆኖ ነው።

■ የታችኛው ደረጃ

ሌሎች እንዴት ጀመሩ? ራይት ወንድማማቾች ልጆች ሳሉ፣ እ.ኤ.አ. በ1878፣ አባታቸው በጎማ ጥምዝ የሚነሣ የፈረንሳዊው ፔኖ ንድፍ የሆነ መጫወቻ አመጡላቸው። እስኪሰበር ተጫወቱበት፤ ሲሰበር ራሳቸው ሌላ ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1903 የበረሩት 12 ሰከንድ የዚያ መጫወቻ የልጅ ልጅ ነው። ጀርመን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በቬርሳይ ውል ሞተር ያለው አውሮፕላን ስትከለከል ተማሪዎቿ እ.ኤ.አ. ከ1920 ጀምሮ ቫሰርኩፐ ተራራ ላይ ሞተር የሌለው ተንሸራታች እየሠሩ ተለማመዱ። ቬበርም የወጣው ከዚያ ትውልድ አገር ነው።

ከሁሉም ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ግን በገመድ የሚበረው ሞዴል አውሮፕላን ነው። ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ኦሪገን ተጀመረ፤ ጂም ዎከር የተባለ ሰው ፋየርቦል በተባለ ሞዴል አስፋፋው። አሠራሩ የዋህ ነው። አብራሪው ሜዳ መሐል ቆሞ እጀታ ይይዛል። ከእጀታው ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ከ15 እስከ 20 ሜትር ተዘርግተው ክንፉ ውስጥ ካለች ትንሽ ተሽከርካሪ ብረት ጋር ይያያዛሉ። እጀታው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሲል ሽቦው ብረቷን ያዞራታል፤ ብረቷ የጭራውን መቅዘፊያ ታንቀሳቅሳለች፤ ሞዴሉ ይወጣል ወይም ይወርዳል። ዙሪያውን ሲበር ወደ ውጭ የሚስበው ኃይል ሽቦውን ይወጥረዋል። የሽቦ መኪና ሠርቶ በረጅም ሽቦ መሪ እየነዳ ያደገ የወልድያ ልጅ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ጨዋታው ወደ ትምህርት የሚለወጠው ሞተሩ ሁለት ሲሆን ነው። ሞዴሉ በግራ ክንፉ በኩል ተይዞ ከሰዓት አዟዟር በተቃራኒ ስለሚዞር፣ የግራው የውስጥ ሞተር፣ የቀኙ የውጭ ሞተር ይሆናል። የውስጠኛው ቀድሞ ቢጠፋ የውጭው ብቻውን እየገፋ አፍንጫውን ወደ መሐል ያዞረዋል። ሽቦው ይላላል። ሽቦ ላላ ማለት መሪ ጠፋ ማለት ነው፤ ሞዴሉ ይከሰከሳል። የውጭው ቀድሞ ቢጠፋ ግን የውስጠኛው አፍንጫውን ወደ ውጭ ያዞረዋል፤ ሽቦው እንደተወጠረ ይቆያል፤ አብራሪው በሰላም ያሳርፈዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠሪ ለውስጠኛው ሞተር ጥቂት የበለጠ ነዳጅ ይሰጠዋል። የውጭው ቀድሞ ይጨርስ፤ የውስጡ እስከ መጨረሻ ይሥራ።

ይህን የተረዳ የ15 ዓመት ልጅ፣ አንድ ሞተሩ የጠፋበት የሲ 47 አብራሪ ለምን በእግሩ ፔዳል ረግጦ አፍንጫውን እንደሚመልስ ገብቶታል ማለት ነው። በመጽሐፍ ሁለት ገጽ ሒሳብ የሆነው ነገር በእጁ ላይ ያለ የሽቦ ስበት ይሆንለታል። ቢሳሳት የሚሰበረው እንጨት ነው፤ ሰው አይደለም።

የሙከራ በረራውም የራሱ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ሞዴሉ ክንፉ ሥር በሁለት ጣት ተይዞ የክብደት ማዕከሉ ይታያል፤ ጭራው ከከበደ አይበርም፤ ቢበርም አይታዘዝም። ሽቦው ከሞዴሉ ክብደት ብዙ እጥፍ በሆነ ጉልበት ተጎትቶ ይፈተናል። ሁለቱ ሞተሮች መሬት ላይ ተነሥተው ድምፃቸው እስኪቀራረብ ይስተካከላሉ። ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ አንዱ ሞዴሉን ይዞ፣ ሌላው እጀታውን ጨብጦ፣ ሦስተኛው ሜዳው ውስጥ ሰው እንዳይገባ ጠብቆ ይለቀቃል። ካረፈ በኋላ የታየው ሁሉ በደብተር ይጻፋል፤ አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ እንደገና ይሞከራል። ሁለት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው የትኛው እንዳሻሻለው አያውቅም። ከሞዴሉ ይልቅ ይህ ልማድ ነው ትርፉ።

■ ሰማዩን የሚፈራ አገር

አሁን ወደ ወልድያ እንመለስ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ዘረፋና ውድመት ደረሰበት፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። ያ ቁስል ሳይሽር ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ዛሬ ሰሜን ወሎ ውስጥ «ድሮን» የሚለውን ቃል ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ሕፃኑም ያውቀዋል። በሰማይ ድምፅ ሲሰማ ሰው ጨዋታውን አቁሞ ያዳምጣል።

በእንዲህ ያለ አገር «ልጆች የሚበር ነገር ይሥሩ» ማለት ቅብጠት ሊመስል ይችላል። ተገቢ ሥጋትም አለበት። በሬዲዮ የሚታዘዝ፣ ካሜራ የሚሸከም ነገር ያለ ፈቃድ አይበርም፤ በዚህ ጊዜ አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ቢገኝ የትኛውም ወገን በምን ዓይን እንደሚያየው ለማንም ግልጽ ነው። ልጆችን ለእንዲህ ያለ አደጋ የሚዳርግ ሐሳብ ሐሳብ አይባልም።

በገመድ የሚበረው ሞዴል ከሌሎቹ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሬዲዮ የለውም። ካሜራ የለውም። ከ20 ሜትር ሽቦው አያልፍም። በእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ ውስጥ ይጀምራል፤ እዚያው ያልቃል። አስተዳዳሪውም፣ ፖሊሱም፣ ወላጁም መጥቶ ከዳር ቆሞ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያየው ይችላል። የሚሰልለው ነገር የለም፤ የሚያመልጥበት መንገድም የለም። ሰማዩ በሚያስፈራበት አገር በግልጽ፣ በሕዝብ ፊት ሊፈቀድ የሚችል በረራ ቢኖር ይኸው ነው። በእርግጥ ሰላም ይቀድማል፤ ተኩስ ባለበት ማንም ልጁን ሜዳ አይልክም። ግን ትምህርት ቤት በተከፈተበት ቦታ ሁሉ ክበቡም ሊከፈት ይችላል።

አንድ እውነተኛ አደጋ አለው፤ እርሱም የኤሌክትሪክ መሥመር ነው። ሽቦው ብረት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ከሚያልፍበት ርቆ ካልሆነ በፍጹም አይሞከርም። ከዚህ ሌላ የሚፈልገው ሜዳ፣ ጠዋትና ትዕግሥት ነው። የሞዴል ሠሪዎች የሚወዱት ባልሳ የተባለው ቀላል እንጨት ባይገኝ ቀርከሃ፣ ሸምበቆ፣ ካርቶንና የዕቃ ማሸጊያ ፎም አለ። ሜታኖልና ጉሎ ዘይት የሚጠጣው ትንሽ ሞተር ባይገኝ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተር ዛሬ በብዙ አገር እየተካው ነው። መጀመሪያ ያለ ሞተር የሚንሸራተት፣ ቀጥሎ ባለ አንድ ሞተር፣ ከዚያ ባለ ሁለት። ደረጃ ማለት እንዲህ ነው።

ሰውም አለ። ወልድያ ላይ ዩኒቨርሲቲና የቴክኒክ ማሠልጠኛ አለ፤ መርሳ ላይ የግብርና ኮሌጅ አለ። በየመንገዱ ዳር ባጃጅ የሚጠግን፣ ከወዳደቀ ብረት መለዋወጫ የሚያወጣ፣ ጆሮውን አስጠግቶ የሞተር ሕመም የሚለይ ልጅ አለ። ከቬበር ጋር የሠሩት ኢትዮጵያውያን ከዚህ ልጅ የተለየ መነሻ አልነበራቸውም። የጎደለው እነዚህን ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰበስብና «ይውደቅ፣ ግድ የለም፤ ለምን እንደወደቀ ጻፉ» የሚል ተቋም ነው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በየትምህርት ቤቱ በስም ያሉትን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበቦች በዚህ ሊጀምር ይችላል። አየር መንገዱም በዓመት ጥቂት ቴክኒሻኖቹን ለአንድ ሳምንት ወደ እነዚህ ከተሞች ቢልክ የሚጎድልበት ነገር የለም።

«ልጆቹ ዳቦ በቸገራቸው ጊዜ የአውሮፕላን ጨዋታ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ግን ከታሪኩ ጋር አይሄድም። ፀሐይ የተሠራችው በጥጋብ ዘመን አልነበረም። ወረራ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ ደሴ እየተደበደበች ነው የተሞከረችው። የሠሯት ሰዎች ያን ጦርነት እንደማታሸንፍ ሳያውቁ አልቀሩም፤ አንዲት ያልታጠቀች አውሮፕላን በመቶዎቹ ፊት ምንም ናት። ቢሆንም ሠርተው ጨረሷት፤ ሞከሯት፤ በረረች። ያን ጊዜ የተጀመረው ሥራ ሳይቋረጥ ቢቀጥል ዛሬ ዘጠና ዓመት ይሞላው ነበር።

በእነዚህ ዘጠና ዓመታት ወሎ ከሰማይ ቦምብ ተቀብሏል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜም አገሩ የእርዳታ እህል በአውሮፕላን ሲወርድለት አይቷል። ለመጀመሪያው አልቅሰናል፤ ለሁለተኛው አመስግነናል። በሁለቱም ተቀባዮች ነበርን።

ፀሐይ ከሮም ተመልሳለች። የሚቀረው የሠራት ወርክሾፕ ነው። እሱን ግን ከጣልያን አንጠይቅም።